ንስር በሸርጣን

እቴ ኔሪሳ፣

የቦሆል ደሴት መርከብ ልታመልጠኝ ነው። እናቴ ጋ ሰንብቼ እሑድ እመለሳለሁ። ድመቷን አብያት። የሩዝ ማብሰያውን ሶኬት ንቀይ፤ ትናንትም ረስተሽዋል።

ዛሬ ጠዋት ሻወር ስትገቢ፣ ቻርጅ ላይ የተውሽው ስልክሽ በራ። ሆን ብዬ አይደለም ያየሁት። «ዳንጊት፣ የሸርጣን ካርድዎ ደርሷል» ይላል።

እሰይ! «ትልቅ ሰው ስልክ ላይ ካርድ ሲጫወት ያሳፍራል» ስትይኝ የከረምሽው እመቤት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያሸንፈኝ የኖረው ዳንጊት አንቺ ነሽ! ለመደበቂያ ደግሞ የምትሸጪውን ደረቅ ዓሣ ስም መረጥሽ። ብልጠትሽ!

ሐሙስ ለሰባተኛ ጊዜ ተሸንፌ መታጠቢያ ቤት ሳለቅስ፣ የሩዝ ገንፎ በዝንጅብል ሠርተሽ በሩን አንኳኳሽ። «ጨዋታ እኮ ነው፣ እህቴ» አልሽኝ። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው!

«ቤቱን በዓሣ አገማሽው» ያልኩሽ ዳንጊት አናዶኝ ነው። ያን ያህልም አይሸትም። አንቺ ግን ዓሣሽን በረንዳ ላይ አውጥተሽ ዘጋሽኝ።

ትናንት ደግሞ ዳንጊት ብርቅዬውን ወርቃማ የንስር ካርድ ሰጥቶኝ በምትኩ ሸርጣን ወሰደ። ሸርጣን ለማንም በነጻ የሚታደል ካርድ ነው። ንስሩን እንደምመኘው የነገርኩት አብራኝ ለምትኖር ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ዳንጊትን ካገኘሽው አመሰግናለሁ በይልኝ።

ዓሣሽን ወደ ቤት አስገብቼዋለሁ፣ አልጋዬ ሥር ነው። ሊዘንብ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ግሌንዳ