የእማዬ መደብ ሙቀት

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። ደብረ ማርቆስ ያው ናት፤ የሐምሌ ብርዷ አጥንት ድረስ ይገባል። አጥሩን አሳድሰናል፣ በሩ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል፣ ጋቢህን እማዬ ለብሳው ትውላለች። የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። በርሜልህ አፈሰሰ፤ ጉድህም ወጣ።

ማድ ቤቱ ጥግ ከወለሉ ዝቅ አድርገህ የቀበርከውን፣ ከሥሩ እሳት የሚነድበትን የውኃ ማሞቂያ ማለቴ ነው። ስትሠራው ምን ያህል እንደሳቅንብህ ታስታውሳለህ? ሰው በርሜል ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፣ የእኛ አባት ይቀብራል ብለን። አንተ ዕድሜ ልክህን የቧንቧ ሠራተኛ፣ ለመታጠቢያ ነው ብለህ ዝም አልክ። መቼስ ዝም ማለት ታውቅበት ነበር። እውነቱን ልንገርህና፣ ለእማዬ አንድ ደግ ቃል ስትናገር ሰምቼ ስለማላውቅ በልቤ እቀየምህ ነበር።

በሰኔ የበርሜሉ ውኃ ይጎድል ጀመር። ብዙም ሳይቆይ እማዬ የምትተኛበት የጭቃ መደብ ከግድግዳው ሥር ረጠበ። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ጸበል ፈለቀ! አልፈርድባትም። በርሜሉን በቀበርክ ሰሞን ቁርጥማት ጉልበቷን ይዟት ሁለት ሳምንት ጸበል ከርማ ስትመለስ፣ አዲስ በመረግከው መደብ ላይ ተኝታ ሙቀት ሲሰማት፣ እመቤቴ ማርያም ማረችኝ ብላ ስለት አስገባች። የስለቱን ጃንጥላ ተሸክመህ ያደረስከው ራስህ ነህ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ በሃያ አንድ ለጎረቤት ስትመሰክር፣ አጠገቧ ቆመህ አሜን ትል ነበር። አሁን ደግሞ እርጥበቱን ጉልበቷን ትቀባ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ የሺም በጨርቅ እየነከረች ትሰጥ ጀመር። መደቡ ይቆፈር ብላት፣ መጀመሪያ እኔን ቅበሪኝ አለች።

ግድግዳው ግን ጭቃ ነው፤ ከነጣሪያው ሊወርድባት ሆነ። ስለዚህ ደፈርኩ። እማዬ አምበር ከተማ ለቅሶ የሄደች ቀን የሥራ ባልደረባህን ጋሼ አያሌውን ጠርቼ መደቡን አስቆፈርኩት።

አባዬ፣ ያየሁትን እንዴት ልንገርህ? ከጭቃውና ከጭዱ ሥር ቧንቧህ አምስት ጊዜ ታጥፎ ተኝቷል፤ ልክ እሷ በምትተኛበት ቦታ። በጉልበቷ በኩል ሲደርስ እጥፋቱ ይጠጋጋል። ጋሼ አያሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቆይተው አስረዱኝ፤ የሞቀ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፣ በርሜሉ ከመደቡ ዝቅ ካለ ያለ ፓምፕ፣ ያለ መብራት በራሱ ሲዞር ያድራል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቧንቧ ሲገጥሙ እንዲህ ያለ ሥራ አይተው አያውቁም። የሚያፈሰው አንዲት የዛገች መጋጠሚያ ነበረች።

ጋሼ አያሌው በይዘን ቶሎ እንምረገው፣ እናትሽ ምንም አትስማ አሉ። እኔም እምነቷን የምነጥቃት መስሎኝ ጭቃ ማቡካት ጀመርኩ። ሳንጨርስ እማዬ ከለቅሶ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

ቧንቧውን አየች። ጎንበስ ብላ በጉልበቷ በኩል ያለውን እጥፋት ዳሰሰችው። መቼ እንደተቀበረ ጠየቀች፤ እሷ ጸበል በነበረችበት ሁለት ሳምንት መሆን አለበት አልናት። ልቧ ይሰበራል ብዬ ስፈራ፣ እሷ ተቆጣች፤ ያውም በእመቤቴ ላይ ሳይሆን በአንተ ላይ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሜን ይለኛል? አንድ ቀን እንኳ አመስግኚኝ አይለኝም?» አለችና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በቀብርህ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም።

አሁን መጋጠሚያው ተበይዷል፣ መደቡም ተመርጓል። እሳቱን የማነደው እኔ ነኝ። እማዬ ጠዋት ስትነሳ ከእመቤቴ ቀጥላ የክርስትና ስምህን ትጠራለች። እንዲህ እየወደድካት እንደኖርክ ባለማወቄ ይቅር በለኝ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ያ መደብ አይቀዘቅዝም፤ ማን እንደሠራውም ለልጆቼ ሳልነግር አላልፍም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ እሷ ናት። ፊደል ስላልቆጠረች በእኔ እጅ ላከችልህ። ብዙም አላለች፤ «ሙቀቱ ደርሶኛል በይልኝ» ነው ያለችው።

ልጅህ