በጀሶው ላይ የተቀባው ቀለም

ለምወድህ ወንድሜ ለሩሽዲ፣

እንደምን ከርመሃል የእናቴ ልጅ? ጤናህስ እንዴት ነው? የኩዌት ሙቀት በረድ አለልህ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገርስ ተወህ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስናወራ እማዬ ድምፁን አስጨምራ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ፈርሐት ያደርስልሃል፤ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ቤታችን ወደ ባሕሩ ዘሟል። በረመዳን ሰሞን አንዲት መሐንዲስ መጥታ በደረጃው ግድግዳ ስንጥቆች ላይ ጀሶ ለጠፈችና ቀን ጻፈችበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ እየሄደ ነው፣ ያኔ ዕቃ እንሰብስብ ሳትሉ ውጡ አለችን። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስወርድ ጀሶውን ሳላይ አላልፍም ነበር።

ከዚያ አንተ ደግሞ ደውለህ የእጮኛዬን ቤተሰቦች ይዤ እመጣለሁ አልካት! እማዬ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሥራ በዋልኩበት ቀን ቀለም ቀቢ ጠርታ የደረጃውን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ አረንጓዴ አስቀባችው፤ ጀሶውንም ጭምር። ቀለሙ ማማሩን ያምራል። ከሥሩ ያለው ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ ግን ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

ጮህኩባት። እሷ እቴ! «የልጅቷ ዘመዶች ያንን ቁስል እያዩ ሊወጡ ነው? ደግሞስ የቃይትባይን ምሽግ አታዪም? ስንት መቶ ዓመት ማዕበል እየደበደበው ቆሞ የለም እንዴ?» አለችኝ። ምሽጉ የተሠራው እኮ በወደቀው የጥንቱ የመርከብ መብራት ግንብ ድንጋይ ነው፣ እሱም አይወድቅም ይባል ነበር ብላት፣ «ያንን የሠሩት ግሪኮች ናቸው፤ ይህንን የሠራው አያትሽ ነው!» አለችኝ። ተናድጄም ሳቄ መጣ።

ልጆች ሳለን ባሕሩ ጥርት ሲል ከሥሩ የምናየው የተጠረበ ድንጋይ ትዝ ይልሃል? የነገሥታት ቤት ነበር ሲሉን እየዘለልን እንዋኝበት ነበር። አሁን በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ዘንድሮ «መጥረጊያ» የምንላት ማዕበል ቀኗን ሳትጠብቅ ገባች። በዳርቻው የተደረደሩትን የሲሚንቶ ድንጋዮች ዘልላ መንገዱን ዋጠችው። በማግስቱ ከእኛ ሁለት መንገድ ማዶ ያለ ቤት ተደረመሰ፤ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። የሚቀጥለው ቃሲም የሚባለው ማዕበል ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከወዲሁ ጀልባቸውን ወደ ላይ ጎትተዋል። የምድር ቤቷ ኡም ፈርሐት፣ የፈርሐት እናት፣ ካናሪ ወፏን በጎጆው አንጠልጥላ ሴት ልጇ ዘንድ ሄደች። «ሰኒያ፣ እኔ ፈሪ ነኝ፤ ጀግና ጀግናውን ከፍርስራሽ ሲያወጡት አይቻለሁ» አለችኝ። እኔም ልጄን ሹሩቅን ወደ አማቶቼ ሰድጃታለሁ። እናቴን ጥዬ ግን የት እሄዳለሁ?

እሷ የምትሰማው አንተን ብቻ ነው። ዓርብ ስትደውል ቁርጡን ንገራት፤ «እኔም እጮኛዬም ያን ደረጃ አንወጣም፣ ወይ አክስታችን ቤት ሆነሽ ትቀበይናለሽ ወይ አልመጣም» በላት። ታለቅሳለች። ሚስትህ ገና ሳትገባ ከቤቴ አስወጣችኝ ትልሃለች። ትበል። ተቀይማህም ቢሆን ትኑርልን፣ ወንድሜ። እባክህ አንጀትህ አይራራ።

ሹሩቅ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ኡም ፈርሐት ሰላም ትልሃለች፤ ለእጮኛህም ምርቃቷን ልካለች። አክስታችን ክፍሉን አጽድታ ትጠብቃለች። እማዬ የምጽፈውን ባታውቅም ዓይንህን ትስማለች።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ፣ ከቀትር በኋላ ጋደም ልበል ብላ የገባችው እማዬ ከክፍሏ ተጣራች። እስከ ጠዋት ድረስ በአንድ እጅ ይከፈት የነበረው በር አልከፈት ብሏታል። እሷ ከውስጥ እየሳበች እኔ ከውጭ በትከሻዬ ገፍቼ በስንት መከራ ተከፈተ። «የባሕር እርጥበት ነው፤ እንጨቱ አብጦ ነው» አለችኝ። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነበር፤ እሷም ጫማዋን አላወለቀችም ነበር።

እህትህ ሰኒያ
አንፉሺ፣ እስክንድርያ
ኖቬምበር 28 ቀን 2018