በገዛ ከተማችን እንግዳ ስንሆን

የኔ ትርንጎ፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ መቅረቴን ከኩርፊያ እንዳትቆጥሪብኝ። ማኩረፍ ካለ ማኩረፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ጥለሽኝ የሄድሽው አንቺ ነሽና። ደግሞም ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። ትምህርት ቤት ገብቼ ሳልማር፣ ከጀልባ ጎን ላይ ከተጻፈ ስምና ከአሮጌ ጋዜጣ ለቃቅሜ ያገኘሁት ፊደል ስለሆነ «ዶሮ የጫረችው» ትዪው ነበር። እዚያ መነጽርሽን ካላገኘሽ የሚያነብልሽ ሰው ፈልጊ። ቄስ ግን አይሁን፤ የሚያሳፍር ነገር አለበት።

ቤቱ ደህና ነው። ማንጎው ዘንድሮ ተንዠርግጎ አፍርቶ ቅርንጫፉ የጎረቤት አጥር ላይ ተኝቷል። ድመትሽ አልጋው ላይ የአንቺን ቦታ ወርሳለች። ላስነሣት ስሞክር ጀርባዋን ሰጥታኝ ታኮርፋለች፤ ይህንን ከማን እንደተማረች አልናገርም። የጀልባ ሞተር መጠገኑን አልተውሁም። እጄ ዘይት፣ ጺሜም ዘይት ነው፤ «ታጠብ» የሚለኝ የለም።

ትልቁ ወሬ ደግሞ ማህሌት ማግባቷ ነው። ከወንድሜ ተቀብለን እንደ ልጃችን ያሳደግናት ማህሌታችን አሁን የሰው ሚስት ናት። ሙት ዓመትሽ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ጥቁሯን አውልቃ፣ ያለ ብዙ ድግስ አገባች። ባሏ ናትናኤል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እዚህ ኮሌጅ ያስተምራል። ደግ ነው፣ የተማረ ነው፣ ግን የነገሩትን ሁሉ ያምናል። አየሽ ትርንጎዬ? የነገሩትን ሁሉ! እንዲህ ያለ ሲሳይ በየእሑዱ ከፊቴ ተቀምጦ ምሳ ይበላል፤ እኔ ግን አንድም ቀልድ አልወጣኝም። ድሮ ቢሆን በሳምንቱ የጣና ጉማሬ ግብር ይከፍላል ብዬ አሳምነው ነበር። አሁን «ጨው አቀብለኝ» ብዬ ዝም።

ማህሌት የፈራችው ይህንን ነው። አንድ እሑድ ተኝቷል ብላ ጓዳ ውስጥ ለባሏ ስትነግረው ሰማኋት። «አክስቴን ብቻ የቀበርን መስሎኝ ነበር፤ ለካ አጎቴንም አብረን ነው የቀበርነው» አለችው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅቱ እውነቷን ነው። ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናህ» ሲለኝ የጸናው ኀዘኔ ብቻ ነበር እንጂ ሳቅና ቀልዱማ ከእጄ ወጥቶ ሄዷል። የሚመለስም አልመሰለኝም።

በዚህ መካከል ፋሲካ አለፈና የሽርሽራችን ጊዜ መጣ።

እንዴት እንደጀመርን ትዝ ይልሻል? ያን ጊዜ ከፋብሪካ የፈትል ክፍል ስትወጪ ጥጥ በጸጉርሽ ላይ እንደ አመዳይ ተኝቶ፣ «እስቲ ሰው እንደሚያደርገው ለእረፍት ሩቅ አገር ውሰደኝ» አልሽኝ። እሺ አልሁ። ሻንጣ አስያዝሁሽ፣ ባጃጅ ውስጥ አስገባሁሽ፣ ከተማውን ሁለቴ አዙሬ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን አፍንጫ ሥር፣ እዚሁ የጣና ዳር ሆቴል አወረድሁሽ። በሻንጣው ትመቺኛለሽ ብዬ ስጠብቅ የእንግዳ ተቀባዩ ልጅ ከየት እንደመጣን ጠየቀን። እኔ «ከድሬዳዋ» አልሁት። መንገዱስ እንዴት ነበር ሲል አንቺ፣ ያቺ ቁጥብ ትርንጎ፣ ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው ፊትሽን ኮስተር አድርገሽ «መንገዱስ ደህና ነው፤ ሙቀቱ ነው ያስቸገረን» አልሽው። እዚያው እንደገና አገባሁሽ፤ በልቤ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሁለት ሌሊት በገዛ ከተማችን እንግዳ ሆንን። አንድ ዓመት ከጎሬ የመጣን የማር ነጋዴዎች፣ ሌላ ዓመት ሽበታችንን ይዘን ከጂንካ የመጣን አዲስ ሙሽሮች። ውሸቱን የምፈጥረው እኔ፣ የምታሳምኚው አንቺ። እኔ ሳወራ ሰው ይጠረጥራል፤ አንቺ ራስሽን ስትነቀንቂ ግን ያምናል። የባጃጁን ልጅ ደግሞ እንዴት እረሳዋለሁ! ለከተማው አዲስ ነን፣ አስጎብኘን ብንለው እየነዳ ስለ ሰዉ ጠባይ ሲያስጠነቅቀን ቆየና «ሹም አቦ ደምስ የሚባል ሞተር ጠጋኝ አለ፤ አደራችሁን፣ የሚለውን እንዳታምኑት» አለን። እኔ ፊቴን ወደ ደጅ አዞርሁ። አንቺ ግን ወደ ፊት ጠጋ ብለሽ «ሚስትስ የለችውም?» አልሽ። «አለችው እንጂ! እሷማ ጻድቅ ናት፣ እንዴት እንደቻለችው!» አለሽ። ዓመቱን ሙሉ ወጥ ቢያርብሽ እንኳ «ጻድቅን ትናገራለህ?» እያልሽ አላናገር አልሽኝ።

አመሻሹ ላይ አዝማሪ ቤት ነበር። ጠይሟ አዝማሪ ከመሰንቆ መቺው ባሏ ጋር ገና ከደጅ ስታየን በግጥም ትቀበለን ነበር። እዚያ ቤት ደንቡ እንደምታውቂው ነው፤ ታዳሚው «ተቀበይ» ብሎ ግጥሙን ይነግራታል፣ እሷ በዜማ ትለዋለች፣ የተሰደበው ደግሞ በተራው መልሱን ይሰጣል። እኔ አንቺን መስደብ፣ አንቺ እኔን ማዋረድ ነበር። ቀን ጣና ዳር ቀረሶ ዓሣ ጥብስ ስንበላ የበለጠውን ስለወሰድሽብኝ እንዲህ አስባልሁብሽ፦

«ዓሣውን ከፊቴ ሳብ አርጋ ወሰደች፣
አፌን እንዳልከፍተው እሾሁን ለገሰች።»

ቤቱ አጨበጨበልኝ፤ ኮራሁ። አንቺ ብርሌሽን ቀስ ብለሽ አስቀምጠሽ ለአዝማሪዋ በጆሮዋ ነገርሻት፦

«እሾህስ ሰጠሁት ምላሱን ቢወጋ፣
ምናልባት አንድ ቀን እውነት ቢያወጋ።»

ሰው ከወንበሩ ወደቀ። ከዚያ ተነሥተሽ እስክስታ ወረድሽ። ትከሻሽ ብቻውን ሌላ ሰው ይሆን ነበር፤ የፋብሪካው ድካም ከላዩ ላይ ሲረግፍ የማየው ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ነበርን። ቀሚስሽን እስከ ጉልበት ሰብስበሽ እግርሽን ውኃ ውስጥ ነክረሽ ከደንገሉ መካከል ታንኳዎቹ ሲወጡ ማየት ትወጂ ነበር። የዘጌ ጀልባ ነጂዎች ሁሉም ደንበኞቼ ስለሆኑ እየጠቀሱኝ «አያ፣ ዘንድሮ ከየት ናችሁ?» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ሕመሙ አቅም ነስቶሽ አልጨፈርሽም፤ ከወንበርሽ ሳትነሺ ትከሻሽን ብቻ ነቅነቅ አደረግሽልኝ። ጠዋት ሐይቁ ዳር እግሬን ተንተርሰሽ እንቅልፍ ወሰደሽ። እግሬ ደነዘዘ፣ ጉንዳን የወረረው መሰለኝ፣ ፀሐዩም ዞሮ ዓይኔ ላይ መጣ። አልተንቀሳቀስሁም። ስትነቂ «ምነው ዝም አልህ?» አልሽኝ። ስታንኮራፊ ዓሣው ሁሉ ሸሸ አልሁሽ።

ዘንድሮ ታዲያ ማህሌት ሳታማክረኝ ለሷና ለባሏ አንድ ክፍል፣ ለኔ አንድ ክፍል እዚያው ሆቴል ያዘች። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሽርሽር ሄደ አይባልም፣ ጠፋ ነው የሚባለው ብዬ እምቢ አልሁ። «አክስቴ ብትኖር ይኼን ጊዜ ሻንጣህን ከደጅ ወርውራው ነበር» አለችኝ። እውነት ነው፤ ትወረውሪው ነበር። ጺሜን ተላጭቼ ሄድሁ።

ሆቴሉ በር ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች። ፈገግ ብላ «ጋሼ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለችኝ። አፌን ከፈትሁ። ማህሌት ከኋላዬ ስትጠብቅ ይታወቀኛል። ድሬዳዋ አልመጣ አለኝ፣ ጎሬም አልመጣ አለኝ። «ከሹም አቦ» አልሁ። ልጅቱ ቀና ብላ አይታኝ «እዚሁ ሹም አቦ?» አለች። እዚሁ አልኋት። ማህሌት ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደችልኝ፤ በሽተኛ እንደሚረዱ አድርጋ።

ሲመሽ አዝማሪ ቤት ገባን። እዚያ አንቺ ማለፍሽን አልሰሙም ነበር፤ ከፋሲካ ፋሲካ ብቻ የምንታይ እንግዶች ነንና፣ ቤታችንን በምን ያውቁታል? ጠይሟ አዝማሪ እንዳየችኝ ፊቷ በራ። መሰንቆው ጀመረ። አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር እያየች ዳሌዋን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«ሁለት ሆኖ ነበር ሁልጊዜ ሲመጣ፣
ሚስቱን ማን ወሰዳት ብቻውን ቢወጣ።»

ሰው ሳቀ። ናትናኤል ተነሥቶ ማለፍሽን ለአዝማሪዋ ሊነግራት ሲል እጁን ያዝሁት። ለምን እንደያዝሁት አላውቅም፤ ብቻ ተሰድቤያለሁ፣ ተራው የኔ ነው። ዓመት ከመንፈቅ የተዘጋው አፌ በራሱ ጊዜ «ተቀበይ» አለ፦

«የወሰዳት ጌታ ጉልበቱ ብርቱ ነው፣
ልክሰስህ እንዳልለው ዳኛውም ራሱ ነው።»

አዝማሪዋ በዜማ ልትደግመው ጀምራ ከመጀመሪያው ስንኝ ሳታልፍ ገባት። መሰንቆው ቆመ። አፏን በእጇ ይዛ «ውይ አባቴ! አላወቅሁም፣ ይቅር ይበሉኝ» እያለች መጥታ ጉልበቴን ያዘች። እኔ ግን ምን እያደረግሁ ነበር መሰለሽ? ወደ ባዶው ወንበር ዞሬ መልስሽን እየጠበቅሁ ነበር። ልማድ ክፉ ነው።

ያን ጊዜ ማህሌት ተነሣች። ያቺ ሰው ፊት ለመናገር የምታፍር ልጅ፣ በሠርጓ ቀን እንኳ አንገቷን ቀና ያላደረገች ልጅ፣ ዕንባዋን በመዳፏ ጠርጋ «ተቀበይ፤ የአክስቴን መልስ እኔ ነኝ የምሰጥ» አለች፦

«ማንም አልወሰደኝ የሄድሁት በእግሬ፣
ውሸቱን ሳልሰማ ልረፍ ብዬ ዛሬ።»

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሰዉ ይሳቅ አይሳቅ እያመነታ ያየኝ ነበር፤ እኔ ስስቅ ቤቱ ተናደ። አዝማሪዋ እያለቀሰች ሳቀች፣ መሰንቆ መቺው ክሩን ሳተ፣ ናትናኤል ግጥሙ ሳይገባው ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። እኔም ሳቄ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረና ማህሌት አንገቴን አቅፋ ያዘችኝ። በቀብርሽ ቀን ያላለቀስሁትን እዚያ፣ በጠጅ ብርሌዎች መካከል፣ ሰው እያጨበጨበ አለቀስሁት። ትከሻሽ ላይ የነበረው ነገር ለማን እንደተላለፈም አየሁ። ልጅቱ ተነሥታ ስትጨፍር ልክ እንደ አንቺ ግራዋን ታስቀድማለች። የማን ተማሪ እንደሆነች ለአዝማሪዋ ሳልነግራት አወቀችው።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ናትናኤል ስለ ጉማሬ ጠየቀኝ። የጣና ጉማሬዎች ገዳማቱ አጠገብ ስላደጉ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ አልሁት። እውነት? አለ። አንዱን ጀልባ ነጂ ጠርቶ ቢጠይቀው ነጂው ዓይኔን አየና «ዓርብማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱ» አለው። ልጁ ጉድ እያለ ለባልደረቦቹ በስልክ ጻፈላቸው። ዓሣውን በልተን ከጨረስን በኋላ ነው ድንገት ቀጥ ብሎ «ቆይ፣ ጉማሬ ሣር አይደል እንዴ የሚበላው? ሁልጊዜ ጾም ነው እኮ!» ያለው። ማህሌት አሸዋው ላይ ተንከባለለች። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ያወጣሁት ውሸት ሥራውን ሲሠራ ሳይ ደስ ብሎኝ፣ ራስሽን እየነቀነቅሽ እንደሆነ ላይ ወደ ጎኔ ዞርሁ። ውኃው ብቻ ነበር። አመመኝ፤ ግን እንደ ድሮው አልገደለኝም።

እንግዲህ ትርንጎዬ፣ ይህን ልነግርሽ ነው የጻፍሁት። ከአንቺ ጋር ተቀበረ ያልሁት ሳቅ አንቺው ትተሽልኝ የሄድሽው ኖሯል። ሳልስቅ መዋሌ ለአንቺ መታመን መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አንቺን ከቤቱ ማስወጣት ነበር። ከእንግዲህ አላስወጣሽም። ወንበርሽ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ አልከለክልም፤ የሚቀመጠው ሁሉ ግን ስላንቺ ሳይሰማ አይነሣም። ማህሌት ልጅ ስትወልድ ያቺን የባጃጅ ነገር በእኔ ላይ ያለውንም ስድብ ሳልቀንስ እነግረዋለሁ። ዘመኑ ገፍቶ ነገር መርሳት ከጀመርሁም ለማህሌት አደራ ብያታለሁ፤ የራሴን ስም ብረሳ የኔን ትታ ያንቺን ትንገረኝ። የማን እንደሆንሁ ካወቅሁ፣ ማን እንደሆንሁ ቢጠፋኝም ግድ የለኝ።

ያንቺው ደምስ