ጋቢ የለበሰው ጉዚ

ላሊበላ፣ ጥር 1989

ሐምዳን ወንድሜ፣ ደሴ እንዴት ከረመች?

ቤተ ክርስቲያኖቹን ካርዱን ገልብጠህ እያቸው፤ እኔ የምነግርህ ወደዚህ ስመጣ ኩልመስክ ከተማ ላይ ስላገኘሁት ሞተር ሳይክል ነው። ገና ከሩቅ በድምፁ ለየሁት፤ ረጋ ብሎ ዱም... ዱም... ይላል። ጉዚ ነው! በአገሩ አንድም አልተረፈም ብለህ የተከራከርከኝ የጣሊያን ሞተር። ሲሊንደሩ ወደፊት ተጋድሞ፣ ትልቁ መዘውር በውጭ ይሽከረከራል።

ባለቤቱ አያ ደሳለ ይባላሉ፤ ድሮ ወባ ማጥፊያ ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሞተሩን አጥፍተው ሲወርዱ፣ ገና እንደጋለ ጋቢ ደረቡለት። እኛ ጋራዥ ቢሆን ጮኸህባቸው ነበር። አየር ካላገኘ እንደማይበርድ ልነግራቸው ስል፣ «ላብ እንዳለው ብርድ ከመታው ይታመማል ትል ነበር ጥሩነሽ፣ ነፍሷን ይማርና» አሉኝ። ሚስታቸው ናት። ጋቢውን የፈተለችውም እሷ ናት፤ ከኋላቸው ተፈናጣ ያልዞረችበት የላስታ ገበያ የለም።

በወዲያኛው በኩል ዞሬ ጫፉን አስተካከልኩላቸው።

ቦታው አለቀብኝ። ሳልህ ለቀቀህ? ሚስትህን ሀፊዛን ሰላም በልልኝ፤ ከጋራዥ ላብህ ሳይደርቅ ቤት ስትገባ እሷም ጋቢ ትደርብልህ።

አረጋ