እንደ ክር የተጠቀለለው መብራት

ጥር 13
በዓሉ አለፈ። የበረንዳውን ብልጭልጭ መብራት አወረድን። ይሄ ሾፌር ባሌ... ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲጭን የኖረ ሰው፣ ያን ሁሉ ሽቦ ጨባብጦ ጆንያ ውስጥ ሊወትፈው! እጁን ያዝኩት።
«ሽቦ እኮ ነው፣ ሐር አይደለም።»
«በኔ ቤት ዕቃ እንዲህ አይቀመጥም።»
«በየትኛው ቤትሽ?» ብሎ ሳቀ።
ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ሽቦውን ነጥቄው ገባሁ። ከተጋባን ወራት አልፈዋል፣ የስፌት ማሽኔ ግን አሁንም ድሮ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያ ሄጄ እሰፋለሁ። ብርሃኑ ጥሩ ነው እለዋለሁ። ብርሃን? ይህን ያህል ዓመት ብቻዬን ኖሬ፣ ትዳሩ ባይሆንልኝስ ብዬ ነው። መመለሻ ፈልጌ።

ጥር 14
የጣቃ ጨርቅ የሚጠቀለልበትን ካርቶን አመጣሁ። አምፖሎቹን አንድ በአንድ ጠራርጌ፣ ሽቦውን እንደ ክር ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩት። አቤት ማማሩ! በቁራጭ ጨርቅ ሸፍኜ ቁም ሳጥን ላይ አስተኛሁት።
«ትንሽ ላላ ቢል?» አለ ከበሩ።
«አንተ መኪናህን ንዳ።»
ሄደ።

የካቲት 2
እህቱ መጣች። ጥቅሉን አውርጄ አሳየኋት። ለጎረቤትም አሳይቻለሁ... ምን ነካኝ? እሱ ደግሞ በጥቅሉ እየቀለደ «ቀስ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ» ይለኛል።

ነሐሴ 20
ዝናብ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስሰፋ ዋልኩ። አከራይዋ «ትለቂያለሽ ወይስ አትለቂም?» አለችኝ። እንጃ አልኳት። በዚህ ዕድሜ እንጃ!

ታኅሣሥ 24
ጉድ ፈላ። እህቱ ባለችበት መብራቱን ሰካነው። ግማሹ ጨለማ! ሽቦው በየመታጠፊያው ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል። አጥብቄ ስለጠቀለልኩት ነው። ክር ይችለዋል፣ ሽቦ ግን...
«ያ ሁሉ ሙያ የት ገባ?» አለች እህቱ። ኩም አልኩ።
ባሌ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አላት። «ክረምት ላይ ፈትቼ መልሼ ጠቀለልኩት። እሷማ ላላ አድርገው ብላኝ ነበር።»
ውሸታም! ጥቅሉን በጣቱም ነክቶት አያውቅ። እህቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። አላስቻለኝም።
«እኔው ነኝ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው።»
ሦስታችንም እስክንታመም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ማልቀስ አማረኝ። ለኔ ብሎ የዋሸልኝ ሰው ከዚህ በፊት የለም።

ጥር 12
የተረፈውን መብራት አወረድን። እሱ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ እኔ ሽቦውን ሰፋ ሰፋ አድርጌ አዞርኩበት። ላላ! ካርቶን ሣጥን ውስጥ ጋደም አደረግነው። ምንም ነገር አልተጫነበትም።
ከዚያ የክፍሌን ቁልፍ ለአከራይዋ መለስኩና የስፌት ማሽኑን በሱ መኪና አመጣነው።
«የት ይቀመጥ?» አልኩት።
መስኮቱ ስር ያለውን ባዶ ቦታ በአገጩ አሳየኝ። «ከገባሽበት ቀን ጀምሮ ለማን የተውኩት ይመስልሻል?»
እኔ ሞኟ ደግሞ፣ ይሄ ሰውዬ ለዚያ ባዶ ቦታ ወንበር መግዛት እንኳ አይችልበትም እያልኩ ለጎረቤት ሳማው ከረምኩ።