የተሳሉበት ወርቅ ቅብ የሱረት ሙዳይ

ለማይረሱት አባቴ፣ ለአባባ፤

ከተለዩን እነሆ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የቆሰበር ቤታችን ደኅና ነው። ባዝራዎ ግራጫ ውርንጭላ ወልዳለች፤ እርሷም እንደ እናቷ በአገውኛ ካልጠሯት ዞራ አታይም። እማማ በዚህ በየጠዋቱ ይስቃሉ። እኔም አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ስለ ስለትዎ ነው። ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ስሄድ፣ «ልጄ መምህር ሆና በደኅና ብትመለስ የወርቅ ሙዳዬን ለጊዮርጊስ አስገባለሁ» ብለው ተስለው ነበር። የደብራችን ገበዝ «ደግሞ የሱረት ዕቃ ለቤተ ክርስቲያን!» ብለው ቢያፌዙብዎ፣ ሙዳዩን ሰባት ጊዜ አጥበው በአፍንጫ የሚስቡትን ሱረትዎን ወደ ቀንድ አዛወሩት። እኔ ተመለስሁ፤ እርስዎ ግን ስለቱን ሳያስገቡ ስላረፉ አደራው ወደ እኔ መጣ።

በቅሎዎቹን ስለመሩለት ሙዳዩን የሰጠዎ ያ ዳንግላ የነበረ የውጭ አገር ሰው፣ ጥንታዊ ወርቅ ነው ብሎዎት ነበር። እኔ ስለ እንዲህ ያሉ ሙዳዮች በትምህርት ቤት አንብቤአለሁ። የጥንቶቹ ጥሩ ወርቅ ናቸው፤ ሥዕላቸውም በእሳት የቀለጠ ባለቀለም መስታወት ስለሆነ አይለቅም። በኋላ አስመስለው የሠሯቸው ግን ወርቅ ቅብ መዳብ ናቸው፤ ሥዕላቸውም ተራ ቀለም ነው። ለስለቱ ብዬ ስወለውለው፣ ክዳኑ ላይ የተሳለችው ሴት ሰማያዊ ቀሚስ ከጨርቁ ጋር መጣ!

ዳንግላ ወርጄ ለአንጥረኛ አሳየሁት። በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈተገውና «መምህርት፣ ወርቁ ልብሱ ነው፤ ገላው መዳብ ነው» አለኝ።

እንደሚያውቁት ስለት ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ይነገራል። ዝም ብል በስምዎ ሐሰት ሊነገር ነው፤ ብናገር ደግሞ «በመዳብ ተሳለ» ተብሎ ሊሳቅብዎ ነው። ሦስት ቀን ተጨነቅሁ። እሑድ ከቅዳሴው በፊት ግን ሄጄ ለገበዙ እውነቱን ነገርኋቸው።

ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አባትሽ ሊያርፍ ሰሞን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ወርቅ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። መዳብ ከሆነ ልጄ ራሷ መጥታ ትነግርሃለች፤ ያን ጊዜ በእውነት መምህር ሆና እንደ ተመለሰች፣ ስለቴም እንደ ሠመረ ዕወቅልኝ።›»

አባባ፣ እዚያው አለቀስሁ፤ ደግሞም ሳቅሁ። ከቅዳሴ በኋላ ገበዙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወርቅ ቅብ የመዳብ ሙዳይ!» ብለው ተናገሩ። ሴቶቹም ለጥሩ ወርቅ የማይነፍጉትን እልልታ ለመዳብዎ አቀለጡት።

አሁን ሙዳዩ ልብሰ ተክህኖ የሚጠገንበት መርፌና ክር ማኖሪያ ሆኗል። ሰባቱ እጥበት ግን አልበቃውም። በየሳምንቱ እየሄድሁ የተቀደደውን እሰፋለሁ፤ ገበዙም መርፌ ሊያቀብሉኝ ክዳኑን በከፈቱ ቁጥር ሦስት ጊዜ ያስነጥሳሉ፤ እርስዎንም ይረግማሉ። እኔም በሕይወት እስካለሁ፣ መዳቡን መዳብ እያልሁ፣ በእያንዳንዱ ማስነጠስ አስብዎታለሁ።

ልጅዎ