ሁለቱ በአንድ ቅጽበት

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሻንጣዬን ግማሽ ሞልቼ ተውኩት። ላፕቶፕ፣ ቻርጀር፣ የመብራት ማከፋፈያ... አምና ስብሰባው ላይ ሶኬት አጥሮን ግድግዳ ሥር ተኮልኩለን ነበር የዋልነው። ዘንድሮ የራሴን ይዤ ነው የምሄደው።

ከሰዓት ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። የልጆቹን ደብተር ታርማለች። አንገቷ ላይ ሻርፕ። ቤት ውስጥ፣ በዚህ ሙቀት! እብጠቱን እንዳላይባት ነው። አየሁት ግን። ምራቋን ስትውጥ ከፍ ዝቅ ይላል።

ኦፕራሲዮኑ የሚመጣው ሳይሆን የዚያኛው ሰኞ ነው። ስብሰባው አርብ ያልቃል። ስለዚህ እደርሳለሁ። ሲያስገቧት እጇን እንደምይዝ ቃል ገብቻለሁ። እጢው የድምፅ ነርቩን ተጠግቷል ብሏታል ሐኪሙ። አንደኛ ክፍል የምታስተምር ሴት ድምፅዋ ቢሄድ... ይሄን አልጨርሰውም።

ስብሰባው ስለ ምንድን ነው አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ! እንደምንም አስረዳኋት። ባዮሎጂስቶች የሴልን ኑሮ በሂሳብ ይጽፉታል፣ ሞዴል ይሉታል። የእኛ ፕሮግራሞች ያንን አንብበው ሴሉ ምን እንደሚሆን ያሰላሉ። አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው ሳያዛባ እንዲያነበው የጋራ ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡን የምንጽፈው እኛው ነን፣ በዓመት አንዴ ተሰብስበን።

ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እኔ እንዳይኮራረጁ ስጮህ እውላለሁ፣ እናንተ በደንብ እንዲኮራረጁ ትሰበሰባላችሁ።»

ሳቅኩ። መንገድ ላይ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «ስጮህ እውላለሁ» ያለችው ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ምድር ቤት ነው የሰጡን። መስኮቶቹ ጣሪያው ሥር ናቸው፣ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ጫማ ሳይ ዋልኩ። ሁሉም ይቸኩላል።

ባለ ሹራቡ መጥቷል። ያንኑ አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ። ክርኑ ላይ የነበረው ቀዳዳ ዘንድሮ በሰማያዊ ክር ተጠግኗል። ማን ጠገነለት? ምን አገባኝ። የእሱ ፕሮግራምና የእኔ ከተጣሉ ዓመታት ሆናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ልማድ ያው ነው። ሰብሳቢያችን፣ ትልቅ ባዮሎጂስት ናቸው፣ አንድ ሞዴል ያመጣሉ። ሁሉም በየፕሮግራሙ ያስኬደዋል። የወጡት መስመሮች ስክሪኑ ላይ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ከገጠሙ አንድ መስመር ብቻ ይታያል፣ ሻይ እንጠጣለን። ካልገጠሙ ሻይ የለም። የእሳቸው ሕግ ነው፣ ማንም አይከራከራቸውም።

የዘንድሮው ሞዴል ቀላል ይመስል ነበር። አንድ ሴል። በቂ ካደገ ለሁለት ይከፈላል። በውስጡ ጉዳት ከበዛ ደግሞ መከፈሉን ያቆማል። ዘንድሮ ቁጥሮቹን ነካክተዋቸው መከፈያውም መቆሚያውም፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይደርሳሉ።

በእኔ ፕሮግራም ተከፈለ። በባለ ሹራቡ ቆመ። ደግሞ ቢያስኬደው ተከፈለ። ሦስተኛ... ቆመ። ሰው ሳቀ። የእሱ ፕሮግራም እንዲህ ሲገጥመው ዕጣ ይጥላል። የእኔ መጀመሪያ የተጻፈውን ያስቀድማል። ደንባችን ስለዚህ ነገር አንድም ቃል የለውም።

«ሕይወትም እንዲህ ናት» አለ ባለ ሹራቡ።

«ሕይወትን ተዋትና ፋይሉን አንብብ» አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ድምፅ እንሰጥበታለን። ከተሸነፍኩ ስድስት ዓመት የለፋሁበት ፕሮግራም እምብርቱ ተቆርጦ ይወጣል። በእሱ ያሰሉ ሰዎች ሁሉ ውጤታቸውን ይጠራጠራሉ። እኔን ይጠራጠራሉ።

ሻይ ሳንጠጣ ተለያየን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሰብሳቢዋ ያልተስማሙትን ሁለት ሁለት አድርገው አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። ከማን ጋር እንደደረሰኝ መጻፍ አያስፈልግም። ማከፋፈያዬን አየ፣ ሳይጠይቅ ሰካ።

ሞዴሉን በእሱ ፕሮግራም ከፈተው፣ ምንም ሳይነካ አስቀምጦ ሰጠኝ። በእኔ ከፈትኩት።

ሴሉ ቆመ።

በእኔ ፕሮግራም! የሆነ ነገር የሰበርኩ መሰለኝ። ኮዴን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፣ ምሳ ቀረብኝ። ምንም የለም። በመጨረሻ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው... ቁጥሩ ያው፣ ቃሉ ያው። ተራው ብቻ ተቀይሯል። የእሱ ፕሮግራም ሲያስቀምጥ በፊደል ተራ ይደረድራል። ከ«ይከፈል» በታች የነበረው «ይቁም» ወደ ላይ ወጥቷል። የእኔ ደግሞ ከላይ ያገኘውን ታዘዘ።

«ለምን ትደረድረዋለህ?» አልኩት።

«እንዲያምር።»

ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ሰብሳቢዋን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። መከፈሉን ለምን ከላይ እንደጻፉት ጠየቅኳቸው። ምክንያት ይኖራቸዋል ብዬ፣ ባዮሎጂ ነገር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አሰቡ።

«እኔ እንጃ ልጄ። መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ መሰለኝ።»

መሰለኝ! ስድስት ዓመት ሙሉ ሕግ ነው ስል የነበረው... የሆነ ሰው «መሰለኝ» ነበር?

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ጠዋት ተነሥቼ ተናገርኩ። ስለ ሕጌ። የትናንቱን እንዳላየሁ ሆኜ። መጀመሪያ የተጻፈ ይቅደም፣ ሰው ሲጽፍ ሐሳቡ በተራው ውስጥ አለ ምናምን። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም አማረብኝ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ጭንቅላታቸውን ነቀነቁልኝ። ባለ ሹራቡ ክርኑን እያከከ ወለሉን ያያል። ሊያጋልጠኝ ይችል ነበር። ለምን ዝም አለ? ለምን አልተውኩትም እኔስ?

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ደወለች። ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። አንድ ታካሚ ቀርቶ ቦታ ተገኝቷል፣ ነገ ጠዋት ያስገቧታል። ተስማምታለች። ይለይልኝ ብላ ነው፣ መጠበቁ ነው የጨረሳት።

«እንዳትመጪ። ስብሰባሽን ጨርሺ። ልጅ አይደለሁም።»

እሺ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ግን ቀስ ብላ...

«ሻርፑን ያስወልቁኛል አይደል?»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ድምፅ መስጫው ነገ ጠዋት። እትዬ ነገ ጠዋት። ሰው በላዬ ላይ እያለፈ ይወጣል ይወርዳል። አንድ ሰው እንዲነግረኝ ነበር የምጠብቀው። ሰብሳቢዋ ቢያራዝሙት። እትዬ መልሳ ደውላ ነይ ብትል። ስልኩን እያየሁ ተቀመጥኩ... ማን ይደርድርልኝ ነው የምለው?

ተነሣሁ። የሚሄድ ሰው ድምፁን ለሌላ ሰጥቶ መሄድ ይችላል። ባለ ሹራቡን ጠረጴዛችን ላይ አገኘሁት።

«ድምፄን ላንተ ልስጥህ።»

«ለእኔ? አሞሻል?»

ስለ እትዬ ነገርኩት። ቀጥዬ የሚናገርልኝን ነገርኩት። የጠዋቱን አይደለም። መጀመሪያ የተጻፈውም አይቅደም፣ ዕጣም አይጣል። የቱ እንደሚቀድም ሞዴሉን የሠራው ሰው ራሱ ይጻፍ። ካልጻፈ ፕሮግራሙ ይቁምና ይጠይቀው። በሆዱ አይምረጥ። አንተም እንዲያምር ብለህ መደርደርህን ተው።

ላፕቶፑን ከደነ።

«ይሄ እኮ ያንቺንም የእኔንም ነው የሚጥለው።»

«አውቃለሁ።»

«ዓመቱን ሙሉ ኮድ ስንጽፍ ልንከርም ነው።»

«አውቃለሁ አልኩህ።» መሄድ ነበረብኝ፣ እግሬ ግን አልሄድ አለኝ። «ሹራቡን ማን ጠገነልህ?»

«እናቴ። ሂጂ አሁን፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

ማከፋፈያዬን ረስቼው መጣሁ። አሁን አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ እጄ እየዘለለ ነው የምጽፈው። ካሳመናቸው ተሸነፍኩ። ካላሳመናቸውም... ምኑን ነው ያሸነፍኩት?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ደረስኩ። ስታየኝ ተቆጣች። ቁጣዋ ሳያልቅ እጄን ያዘች፣ አጥብቃ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ። ሻርፑን ራሷ ፈታችው። እኔ አንገት ላይ ጠመጠመችው። በሩ ተዘጋ።

ስልኬን አጠፋሁ። ስብሰባው አሁን ተጀምሯል ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ረሳሁት። እንዴት ይረሳል? አግዳሚው ላይ ከጎኔ የተቀመጠ ሽማግሌ ሻርፑ ሙቀት አይሆንብሽም ወይ አለኝ። ይሆናል አልኩት።

አወጧት። አታናግሯት አለች ነርሷ። አላናገርኳትም። ማናገር ፈልጌ ነበር።

አርብ፣ የካቲት 14

እስካሁን ድምፅ የለም። በእጇ ነው የምታወራው። ሐኪሙ ታገሡ ይላል። ይመለሳል አይልም፣ አይመለስም አይልም። የእጢው ውጤትም ገና ነው።

ስልኬን ከፈትኩ። ከባለ ሹራቡ፦ «አለፈ። እናቴ ትሙት፣ በደንብ ነው የተናገርኩልሽ። ሰብሳቢዋ ሞዴላቸው ላይ አንድ መስመር ጨመሩ፣ መቆሙ ይቅደም ብለው። የእኛ ሁለቱ ፕሮግራሞች ገና ናቸው፣ ሌሎቹ እዚያው አስተካክለው አስኬዱት። ሁሉም ገጠመ። ሻይ ጠጣን። ያንቺ ቀዘቀዘ። ማከፋፈያሽ እኔ ጋ ነው።»

ለእትዬ አሳየኋት። አነበበችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ያንቺ ቀዘቀዘ» የሚለውን አሳየችኝና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምትስቅ መሰለኝ። አዎ፣ ስትስቅ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 23

ውጤቱ ሐሙስ መጣ። ክፉ አይደለም። ሐሙስ ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

ድምፁ ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ሻካራ ነው፣ የእሷ አይመስልም፣ መሀል ላይ ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ምን እንደምትሆን አላውቅም። በመጮህ ፈንታ አጨበጭባለሁ ትላለች።

የእሷ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው የምሠራው። የድሮውን ሕግ ከፕሮግራሜ ቆርጬ አወጣሁት። ቀላል ነበር፣ ጥቂት መስመር። በእሱ ላሰሉ ሰዎች ሁሉ ጻፍኩላቸው። ደግማችሁ አስኬዱት፣ ልዩነት ካለ የእኔ ነው ብዬ። ሦስቱ እስካሁን መልሰዋል። አንዱ ተናዶ። ሌሊት ግን እንቅልፍ ይወስደኛል አልልም።

እትዬ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ምን እንደወሰንን ደግሜ ነገርኳት። ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ይጠይቃል አልኳት።

«አንቺስ» አለች፣ በዚያ በሻካራው። «እኔን መች ጠየቅሽኝ? ዝም ብለሽ መጣሽ እንጂ።»

ስክሪኑ ላይ አዲሱ ጥያቄ ተጽፏል፣ ዛሬ ነው የጨመርኩት። ጎንበስ አለች። እንደ ክፍሏ ልጆች ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያራመደች ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሁለቱ... በአንድ ቅጽበት... ደርሰዋል። የቱ...»

ድምፅዋ ጠፋ። ልጨርስላት አፌን ከፈትኩ። እጇን ትከሻዬ ላይ ጫን አደረገችው፣ ዝም በይ ማለቷ ነው። ምራቋን ዋጠች። አንገቷ ላይ ጠባሳው ከፍ ዝቅ አለ።

«የቱ ይቅደም?»